“ዌይንራይት መጨረስ” ምንድን ነው? የ214 ተራሮችና የሰባት መጻሕፍት ነገር

ሰሜን እንግሊዝ የምትኖሩ ከሆነ ይህ ሳያጋጥማችሁ አይቀርም። ሰኞ ጠዋት አንዱ የሥራ ባልደረባ ፊቱ በንፋስ ቀልቶ ይገባል። “ቅዳሜና እሁድ እንዴት ነበር?” ስትሉት “አራት ጨመርኩ፤ አሁን 31 ቀረኝ” ይላል። ምኑን ነው አራት የጨመረው? ከምን ላይ ነው 31 የቀረው? ሌላዋ ባልደረባ ግን ወዲያው ገብቷታል። “የትኞቹን?” ብላ ትጠይቃለች፣ ከዚያ እናንተ ሰምታችሁ የማታውቋቸው ስሞች ይዘንባሉ።

የሚቆጥረው ተራራ ነው። ይህ ቆጠራ እንግሊዝ ውስጥ እጅግ ብዙ ሰው ይዟል፤ ጡረተኛ አለበት፣ ሕፃን ያዘለ ወላጅ አለበት፣ የሌሊት ፈረቃ ጨርሶ በቀጥታ ወደ ተራራ የሚነዳ ነርስም አለበት። ከእኛ ሰው ጋር ስናወራው ግን አንድ ነገር ሁሌም ይደባለቃል። ብዙዎች “የእንግሊዝ ረጃጅም ተራሮች ዝርዝር” ይመስላቸዋል። አይደለም። ምን እንደሆነ ከሥር ከሥሩ እንየው። ዓመቶቹን ሁሉ የጻፍኩት እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ነው።

ዌይንራይት የሰው ስም ነው ወይስ የተራራ?

ሁለቱም ነው፤ የመጽሐፍም ስም ነው።

አልፍሬድ ዌይንራይት የሚባል ሰው ነበር። ይህ ሰው ሌክ ዲስትሪክት ስለሚባለው ተራራማ አገር ከ1955 እስከ 1966 ሰባት የእግር ጉዞ መምሪያዎች አሳተመ። በእነዚህ መጻሕፍት ውስጥ የየራሳቸው ምዕራፍ ያላቸው 214 ተራሮች አሉ። ዛሬ ሰው እያንዳንዱን ተራራ “አንድ ዌይንራይት” ይለዋል። አንድ ተራራ ዌይንራይት ነው ከተባለ ምዕራፍ አለው ማለት ነው። ሌላ መስፈርት የለም።

ሌክ ዲስትሪክት ያለው በሰሜን ምዕራብ እንግሊዝ፣ ከምብሪያ ውስጥ ነው። ረጃጅም ሐይቆች በየሸለቆው ተጋድመዋል፣ በመካከላቸው ተራራው ይቆማል፣ ከታች እስከ ላይ ደግሞ ያለ ሲሚንቶ የተካበ የድንጋይ አጥር ይሄዳል። በ1951 ብሔራዊ ፓርክ ሆነ፤ በ2017 ዩኔስኮ በዓለም ቅርስነት መዘገበው።

እዚያ ስትሄዱ ሁለት ቃል ትሰማላችሁ። አንዱ “ፌል” ነው። ከጥንት የሰሜን አውሮፓ ሰፋሪዎች ቋንቋ የቀረ ሲሆን ትርጉሙ ተራራ ነው፤ በተለይም ገበሬው ከእርሻ አጥሩ በላይ በጉን የሚያሰማራበት ገላጣ ከፍታ። ሌላው “ባጊንግ” ነው። የአንዱን ተራራ ጫፍ ረግጦ ከዝርዝሩ ላይ መሰረዝ ማለት ነው፤ ቃሉ የመጣው ከረጢት ውስጥ ከመክተት ነው።

ሰውዬው ማን ነበር?

ተራራ ላይ የተወለደ ሰው አልነበረም። በ1907 የተወለደው ብላክበርን በምትባል የጥጥ ፋብሪካ ከተማ ነው፤ ጭስና ችግር በሞላበት ሰፈር። በ13 ዓመቱ ትምህርቱን አቋርጦ በማዘጋጃ ቤት ተላላኪ ሆነ። ማታ ማታ እየተማረ የሒሳብ ሠራተኛ እስከመሆን ደረሰ።

በ1930፣ በ23 ዓመቱ፣ ከአክስቱ ልጅ ጋር ለአንድ ሳምንት እረፍት ወደ ሌክ ዲስትሪክት ሄደ። ዊንደርሚር ከምትባለው ከተማ በላይ ኦረስት ሄድ የምትባል ኮረብታ አለች፤ ከፍታዋ 240 ሜትር እንኳ አይሞላም። ሁለቱ በዛፎች መሃል አልፈው እላይ ሲወጡ ሐይቁ ከእግራቸው ሥር ተዘርግቶ፣ ከማዶ ደግሞ ተራራው በረድፍ ቆሞ አገኙት። ለፋብሪካ ከተማ ልጅ ይህ ምን ማለት እንደሆነ ራሱ እስኪያረጅ ድረስ ሲናገረው ኖረ። በ1941 ደመወዙ መቀነሱን ችሎ ኬንዳል ወደምትባለው በተራራው ደጃፍ ያለች ከተማ ተዛወረ። በ1948 የከተማዋ ማዘጋጃ ቤት የገንዘብ ኃላፊ ሆነ፤ ጡረታ እስኪወጣም እዚያው ሠራ።

መኪና አይነዳም። ቅዳሜና እሁድ በአውቶቡስ ሄዶ ይወጣል፣ ፎቶ ያነሳል፣ በመጨረሻው አውቶቡስ ይመለሳል። ከሰኞ እስከ ዓርብ ማታ ማታ ቁጭ ብሎ ይጽፋል፣ ይስላል።

መጽሐፉስ ምን የተለየ ነገር አለው?

እዚህ ላይ ትንሽ እንቆይ፤ ለእኛ አንባቢ ደግሞ ነገሩ ቅርብ ነው። ብራና ላይ የሚጽፍ ቁም ጸሐፊን አስቡ። ፊደሉን በእጁ ይጥላል፣ ሐረጉን በእጁ ይስላል፣ መስመሩ እንዳይዛነፍ ይጠነቀቃል። ዌይንራይትም ያደረገው ይህንኑ ነው። ሰባቱም መጻሕፍት ውስጥ ጽሑፉ፣ ካርታው፣ ሥዕሉ፣ የገጽ ቁጥሩ ሳይቀር በብዕርና በቀለም የተሠራ የራሱ እጅ ነው። ማተሚያ ቤቱ ፊደል አልለቀመም፤ ገጹን እንዳለ አነሳና አተመው።

ሥራውን የጀመረው በኅዳር 1952 ነው። ከወራት በኋላ ወደ መቶ የሚጠጋ ገጽ ጨርሶ ነበር። ከዚያ የመስመሮቹ መጨረሻ በቀኝ በኩል እኩል አለመሆኑ ዓይኑን አስጨነቀው፤ ሁሉንም ጥሎ እንደገና ከአንድ ጀመረ። የመጀመሪያውን መጽሐፍ 2,000 ቅጂ ለማሳተም 950 ፓውንድ ሲጠየቅ እጁ ላይ የነበረው 35 ፓውንድ ነው። ማተሚያ ቤቱ “እየሸጥክ ትከፍላለህ” አለው። ከዚያ ወዲህ መጻሕፍቱ ከሁለት ሚሊዮን ቅጂ በላይ ተሸጠዋል። ገንዘቡ ሲመጣም አብዛኛውን የሰጠው ለተጣሉ ውሾችና ድመቶች መጠለያ ነው።

እኔ ጋ ያለው ቅጂ አሮጌ ነው፤ ከበጎ አድራጎት ሱቅ የገዛሁት። አንዱን ምዕራፍ ስትገልጡ መጀመሪያ የተራራው ሥዕል ይመጣል፣ ከዚያ ትንሽ ካርታ፣ ከዚያ የመውጫ መንገዶቹ። የመውጫው ሥዕል ነው ልብ የሚወስደው። ከገጹ ግርጌ ሲጀምር እንደ ካርታ ከላይ ወደ ታች ነው የሚታየው፤ መንገዱ ወደ ላይ በሄደ ቁጥር ግን ቀስ እያለ ወደ ሥዕል ይለወጣል፣ ጫፉ ላይ ስትደርሱ ተራራው ፊት ለፊታችሁ ቆሟል። የሚወጣ ሰው ዓይን የሚያየው ልክ እንደዚያ ነው። መጨረሻ ላይ ከጫፉ ሆናችሁ ስትዞሩ የሚታዩት ተራሮች በሙሉ ስማቸው ተጽፎ በመስመር ይቀርባል።

ከኔ በፊት የነበረው ባለቤት በእርሳስ ኅዳጉ ላይ ጽፎበታል። አንዱ ጋ “ዝናብ”፣ አንዱ ጋ “ከልጆቹ ጋር”፣ አንዱ ጋ ደግሞ “ምንም አልታየም” ይላል። ይህ ልማድ የብዙ ሰው ነው፤ መጽሐፉ ራሱ መዝገብ ይሆናል።

ታዲያ 214ቱ በምን ተመረጡ?

በአንድ ሰው ዓይን።

ስኮትላንድ ውስጥ “መንሮ” የሚባሉ ተራሮች አሉ። ሂው መንሮ የሚባል ሰው በ1891 ያወጣው ዝርዝር ነው፤ መስፈርቱም ቁመት ነው። ከ3,000 ጫማ፣ ማለትም ከ914 ሜትር በላይ የሆነ ተራራ ይገባል። አሁን ቁጥራቸው 282 ነው። በተሻለ መሣሪያ ሲለካ አንዱ አጥሮ ከተገኘ ይሰረዛል፣ ሌላው ረዝሞ ከተገኘ ይጨመራል። እዚህ ሜትሩ ዳኛ ነው።

ዌይንራይት ላይ ሜትር ዳኛ አይደለም። ከ214ቱ ትልቁ ስካፌል ፓይክ 978 ሜትር ነው፤ የእንግሊዝም ትልቁ እሱ ነው። ትንሹ ካስል ክራግ 290 ሜትር ብቻ ነው። ግን ካስል ክራግ በጠባብ ሸለቆ መሃል ብቻውን ተጀንኖ የቆመ፣ ጎኑ የጣሪያ ድንጋይ ሲወጣበት የኖረ፣ ጫፉ ላይ በአንደኛው የዓለም ጦርነት ለሞቱ የሸለቆው ልጆች መታሰቢያ ያለበት ኮረብታ ነው። ዌይንራይት ወደደው፣ ምዕራፍ ሰጠው፣ ገባ። በተቃራኒው መንግሪዝዴል ኮመን የሚባል አለ፤ ሰፊ የሣር ሜዳ፣ ጫፉ የት እንደሆነ ለማወቅ የሚያስቸግር። ዌይንራይት ራሱ ብዙም አልወደደውም። ግን ምዕራፍ አለው፤ ስለዚህ ሰው ዛሬም በጭቃው ውስጥ እየተንቦጫረቀ ይሄድለታል።

ሕይወቱን የቀየረችው ኦረስት ሄድ ደግሞ ከ214ቱ ውስጥ የለችም።

ሌላው መታወቅ ያለበት፣ ዌይንራይት “እነዚህን ሁሉ ውጡ” ብሎ ያዘዘው ማንም የለም። መጻሕፍቱን ሲጀምር ለራሱ እርጅና ማስታወሻ እንዲሆኑት ነበር ያሰበው፤ እግሩ እምቢ ሲል ገጹን እያየ በሐሳብ እንዲወጣ። ዝርዝሩን ዝርዝር ያደረገው አንባቢው ነው። ምዕራፎቹን ቆጠረ፣ 214 ሆኑ፣ መሰረዝ ጀመረ። ለእኔ የነገሩ ሁሉ ውበት ያለው እዚህ ላይ ነው። ሰው የሚጨርሰው የአንድ ሰውን ፍቅር ገጽ በገጽ ተከትሎ ነው።

ከፍታቸው ትንሽ ነው እኮ፤ ምኑ ይከብዳል?

የኛ ሰው መጀመሪያ የሚጠይቀው ይህን ነው፤ እውነቱንም ነው። አዲስ አበባ ራሷ የተቀመጠችው ከ2,300 ሜትር በላይ ላይ ነው። 978 ሜትር ስንሰማ ጉድጓድ ይመስለናል።

ግን ቁጥሩ የሚለካው ከባሕር ወለል ነው፣ እግር የሚለካው ደግሞ ከተነሳበት ነው። ስካፌል ፓይክን ከዋዝዴል ሸለቆ ስትወጡ የምትነሱት ከባሕር ወለል ብዙም ከማይርቅ ቦታ ነው፤ ስለዚህ ወደ 900 ሜትር የሚጠጋውን አቀበት በሙሉ በእግራችሁ ትከፍላላችሁ። የመጨረሻው ክፍል መንገድ ሳይሆን የተከመረ ድንጋይ ነው። ቀጥ ብላችሁ ስትወርዱም ጉልበት ይጠይቃል።

ከዚያ አየሩ አለ። ከታች ፀሐይ ሆኖ ከላይ ደመና ውስጥ መግባት የተለመደ ነው። ደመና ውስጥ ስትገቡ አሥር እርምጃ ፊት ያለው አይታይም፤ የድንጋይ ክምሩ ሁሉ አንድ ይመስላል። ንፋስና ዝናብ ሲደባለቁ በሐምሌም ቢሆን ሰው ይንቀጠቀጣል። እኛ የለመድነው ደረቅ ብርድ ነው፤ ይሄኛው እርጥብ ሆኖ አጥንት ውስጥ የሚገባ ነው።

ቅርበትም ያታልላል። ስካፌል ፓይክና ስካፌል ጎረቤታሞች ናቸው፤ ከአንዱ ላይ ቆማችሁ ሌላውን በእጅ የምትነኩት ይመስላል። በመካከላቸው ያለው ቀጥተኛ መንገድ ግን ብሮድ ስታንድ የሚባል ቋጥኝ ነው፤ ገመድና ችሎታ ይፈልጋል፣ ብዙ ሰው ተጎድቶበታል። ሁለቱንም በአንድ ቀን ማድረግ የፈለገ እግረኛ ወደ ታች ብዙ ወርዶ፣ ዞሮ፣ እንደገና መውጣት አለበት። ያንን ዙሪያ እባካችሁ አትሰልቹት።

አደጋ ከደረሰ በ999 ተደውሎ ፖሊስ፣ ከዚያ የተራራ ነፍስ አድን ይጠየቃል። የሚመጡት ሰዎች ደመወዝ የላቸውም። መምህር፣ አናጢ፣ ሐኪም ናቸው፤ ስልካቸው ሲጮህ ሥራቸውንም እራታቸውንም ጥለው ይወጣሉ፣ ለተረጂውም ሒሳብ አይልኩም። ይህንን ሳስብ ባትሪ ያለው የግንባር መብራትና የወረቀት ካርታ ሳልይዝ መውጣት ያሳፍረኛል።

ሰው 214ቱን እንዴት አድርጎ ይጨርሳል?

አንድ በአንድ ቢሄድ 214 ቀን ነው። ግን ተራሮቹ እንደ ዶቃ በሸንተረር የተያያዙ ናቸው፤ አንዱን ክር ከያዛችሁ ብዙ ዶቃ ይመጣል። ምሳሌ ልስጥ። ከአምብልሳይድ ከተማ ተነስቶ የሚዞር ፌርፊልድ ሆርስሹ የሚባል ጉዞ አለ፤ የፈረስ ጫማ ብረት ቅርጽ ስላለው ነው። በአንዱ ክንድ ሎው ፓይክ፣ ሃይ ፓይክ፣ ደቭ ክራግና ሃርት ክራግ ይገኛሉ፤ አናቱ ላይ ፌርፊልድ አለ፤ በሌላው ክንድ ግሬት ሪግ፣ ሄሮን ፓይክና ናብ ስካር ይወርዳሉ። ስምንት ዌይንራይት በአንድ ረጅም ቀን ማለት ነው።

አብዛኛው ሰው ዓመታት ይፈጅበታል፤ አሥርና ሃያ ዓመት የፈጀበትም ብዙ ነው። መጀመሪያ ታዋቂዎቹ ይወጣሉ፣ ሄልቬሊን፣ ስኪዶ፣ ካትቤልስ። እነሱ ሲያልቁ ማንም የማያወራላቸው፣ ጭቃቸው የበዛ፣ ከመንገድ የራቁ ኮረብታዎች ይቀራሉ። የጨረሱ ሰዎችን ስትጠይቁ ግን ብዙ ጊዜ የሚያነሱላችሁ እነዚያኑ ነው። ዝርዝሩ ባይኖር ወደዚያ ባልሄድኩ ነበር ይሏችኋል፤ ቀኑን ሙሉ ከበግ በስተቀር ማንም ሳያዩ የዋሉበትን ቀን ይተርካሉ።

በሩጫ የሚጨርሱም አሉ። በ1986 ጆስ ኔይለር፣ የዋዝዴል በግ አርቢ፣ በ50 ዓመቱ ሁሉንም በ7 ቀን ከ1 ሰዓት ከ25 ደቂቃ ዞረ። ይህ ሰዓት ከሩብ ምዕተ ዓመት በላይ ሳይነካ ቆየ። በ2021 ሳብሪና ቨርጂ ከስድስት ቀን በታች የገባች የመጀመሪያዋ ሰው ሆነች፤ ከወንድም ከሴትም። በ2022 ጆን ኬሊ ወደ አምስት ቀን ተኩል አወረደው። ርቀቱ ከ500 ኪሎ ሜትር በላይ ነው፤ በቀን ጥቂት ሰዓት ብቻ እየተኙ።

መጨረሱን ማን ያረጋግጣል?

ማንም። የረጅም ርቀት ተጓዦች ማኅበር መዝገብ አለው፤ “ጨርሻለሁ” ብላችሁ ትጽፋላችሁ፣ ስማችሁ ይገባል። ፎቶ አምጡ፣ ምስክር አቅርቡ የሚል የለም። በቃል ላይ የቆመ ነገር ነው።

ስለዚህ ጥያቄው ወደራሳችሁ ይመለሳል፤ ደረስኩ የሚባለው የት ሲደረስ ነው? ይህ በደንብ የሚታየው ግራስሚር ከምትባለው መንደር በላይ ያለው ሄልም ክራግ ላይ ነው። 405 ሜትር ነው፤ ከመንደሩ ተነስቶ ከሰዓት በኋላ ወጥቶ መመለስ ይቻላል። አናቱ ላይ ግን እውነተኛው ጫፍ እንደ መድፍ አፈሙዝ ወደ ሰማይ የተቀሰረ ቋጥኝ ነው። ሥሩ ቆማችሁ ቀና ስትሉ ድንጋዩ ዝናብ ጠጥቶ ያብለጨልጫል፣ እጅ የሚይዝበት ነገር ጥቂት ነው፣ ከጀርባው ገደል አለ። አብዛኛው ሰው ሥሩን ነክቶ ይመለሳል፤ እኔም ነክቼ ተመልሻለሁ።

ዌይንራይትም አልወጣውም። ብዙ ጊዜ ሞክሮ አቃተው። በ1958 በወጣው መጽሐፉ ላይ፣ በሄልም ክራግ ምዕራፍ፣ አንድ ቀን ሲሳካለት የሚሞላው ባዶ ቦታ ትቶ ነበር። ባዶው ሳይሞላ ቀረ። ጥብቅ ቆጣሪዎች ዌይንራይት ራሱ ዌይንራይቶችን አልጨረሰም ይላሉ። እኔ ግን ያ ባዶ ቦታ ሰውዬው ለአንባቢው ያለውን ታማኝነት ያሳየኛል። ወጥቻለሁ ቢል ማን ያውቅበት ነበር?

ይህ ሁሉ እግር ተራራውን አይጎዳም?

ይጎዳል። ጫማ ሣሩን ይገፋል፣ ሣሩ ሲሄድ አፈሩ ይራቆታል፣ ዝናቡ አፈሩን ይዞ ወደ ሐይቅ ይወርዳል። ሰው ደግሞ ጭቃውን ሲሸሽ ከጎኑ ይረግጣል፤ አንድ ክንድ የነበረው መንገድ የአስፋልት ስፋት ያለው ጠባሳ ይሆናል። ይህንን የሚጠግኑ ሠራተኞችና በጎ ፈቃደኞች አሉ። ድንጋይ በሄሊኮፕተር ይወጣል፣ ከዚያ እያንዳንዱ በእጅ እየተጠረበ እንደ ደረጃ ይነጠፋል።

ስለዚህ የተነጠፈው ድንጋይ ጉልበት ቢያሳምምም በእሱ ላይ ሂዱ። በር ከፍታችሁ ካለፋችሁ መልሳችሁ ዝጉ፤ በጎቹ የሰው ሀብት ናቸው። ውሻ ካላችሁ በተለይ በግ በሚወልድበት በጸደይ በገመድ ያዙት። የመግቢያ ክፍያ የለም፣ አስጎብኚ ቅጠሩ የሚል የለም፤ በ2000 የወጣው ሕግ ገላጣው ተራራ ላይ በእግር የመሄድ መብት ለሁሉም ሰጥቷል። መኪና ማቆሚያው ግን ያስከፍላል።

መጀመር የፈለገስ ከየት ይጀምር?

ከዊንደርሚር ባቡር ጣቢያ። መንገዱን ተሻግራችሁ ወደ ኦረስት ሄድ የሚል ምልክት ታገኛላችሁ፤ ቀስ ብላችሁ ብትሄዱ ግማሽ ሰዓት ቢሆን ነው። አይቆጠርም፤ ግን እሱ ያየውን ታያላችሁ። ለመጀመሪያው የሚቆጠር ተራራ ብዙ ሰው ከኬዚክ ከተማ አጠገብ ያለውን ካትቤልስን ይመርጣል፤ 451 ሜትር ነው፣ ልጆችም ይወጡታል፣ ጫፉ አካባቢ ግን በእጅ የሚያዝ ድንጋይ ስላለ የደረቀ ቀን ምረጡ።

ለመጨረሻ ደግሞ ብዙዎች ሄይስታክስን ያስቀምጣሉ። በተርሚር ከሚባለው ሐይቅ በላይ ነው፤ 597 ሜትር፣ በዙሪያው ካሉት ሁሉ አጭሩ። ዌይንራይት ከሁሉ አብልጦ የሚወደው ነበር። በጥር 1991 ሲሞት አመዱን ባለቤቱ ቤቲ እዚያ ላይ፣ ከጫፉ አጠገብ ባለች ትንሽ ኩሬ ዳር በተነችው። ከመሞቱ ከብዙ ዓመታት በፊት፣ ሄይስታክስን ስታቋርጡ ጫማችሁ ውስጥ ጠጠር ከገባ አክብራችሁ አውጡት፣ እኔ ልሆን እችላለሁ ብሎ ጽፎ ነበር። 214ኛውን ሊረግጡ የሚወጡ ሰዎች ኩሬዋ ጋ ሲደርሱ ብዙ ጊዜ ቁጭ ብለው ጫማቸውን ያወልቃሉ።